የሚስተር ቫሱ ቀባሪ

የንስሐ አባቴ «ሄደህ እይና መጥተህ ንገረኝ» ባይሉኝ ኖሮ ይህን ማስታወሻ አልጽፈውም ነበር። እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። አሰላ ገበያው ዳር ያለችው ዳቦ ቤቴ ከተከፈተች ወዲህ ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም፤ ምድጃ ጡት እንደሚጠባ ልጅ ነው፣ ጥለውት አይሄዱም። ሎስ አንጀለስ የምትኖረው ታላቅ እህቴ እትዬ ሙሉ ና ና ስትለኝ ዓመታት አልፈዋል። ቪዛውም ወጥቶልኝ ፓስፖርቴ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ጥየቃ መሄድ ያቃተኝ ሰውዬ ለለቅሶ ሄድኩ።

የሞቱት የእህቴ ባል ሚስተር ቫሱ ናቸው። ህንዳዊ ናቸው፤ ሙሉ ስማቸው ቫሱዴቫን ነው። በልጅነቴ አሰላ ሒሳብ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። እህቴን ሲያገቡ ከተማው ጉድ አለ። እኔ ግን እናት አባቴ ሞተው ስለነበር እህቴን ተከትዬ ቤታቸው ገባሁና እዚያው አደግሁ። የራሳቸው ልጅ አልወለዱም። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ፊት የቆመ ተማሪ ፈርቶ ጠመኔውን እንደያዘ ሲቀር «ጀምር፣ ዳስተር አለ» ይሉታል። ብትሳሳት ይጠፋል ማለታቸው ነው። እኔ ዳቦ ቤት ልክፈት አልክፈት ብዬ ሳመነታም ከአሜሪካ ደውለው ያሉኝ ይህንኑ ነው።

በእሳቸው ሃይማኖት የሞተ ሰው አይቀበርም፣ ይቃጠላል። እሳቱን የሚለኩሰው ደግሞ ልጅ ነው። አንድ ቀን በስልክ «አንተ ትለኩሳለህ፣ እሳት ለምደሃል» ሲሉኝ ስቄ «እሺ» ብያቸው ነበር። እህቴ መርዶውን ስትነግረኝ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ያነሳችው ነገር ይኸው ነው። «እሺ ብለኸዋል አይደል?» አለችኝ።

ሮጬ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «ሰው በእጄ ላቃጥል ነው፤ ኃጢአት አይደለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ነጭ ጢማቸውን አሻሹ።

«ልጄ፣ ቀበርኩ የሚለኝ ሰው ሞልቷል፤ ለኮስኩ ያለኝ ግን የለም» አሉ። «ያላየሁትን አልፈርድም። ሄደህ እይና መጥተህ ንገረኝ።»

«ካደረግሁት በኋላ ብነግርዎት ምን ይጠቅመኛል?»

«እዚያ ስትደርስ ልብህ ይነግርሃል። ካልነገረህም እጅህን ሰብስበህ ትመለሳለህ።»

ሰኞ ማለዳ ምድጃውን ለሠራተኞቼ አደራ ብዬ በሚኒባስ ወጣሁ። እህቴ የለመነችኝን ነጭ ጋቢ በሻንጣዬ፣ ያልተቆረጠውን ነገር በሆዴ ይዣለሁ። የአሰላ ስንዴ እሸት ላይ ነበር። ጎኔ የተቀመጠው ገበሬ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝና «አሜሪካ፣ ለቅሶ» ስለው «እዚያም ይሞታል እንዴ?» አለኝ። ቀልዱን ይሁን የምሩን እስካሁን አላወቅሁም።

አውሮፕላን ላይ ወንበሬን ወደ ኋላ የማደርግ መስሎኝ አንዱን ቁልፍ ተጫንኩ። አስተናጋጇ መጣች። ይቅርታ ጠይቄ ሌላውን ስጫን መብራት በራ። ሦስተኛውን ልሞክር ስል ራሷ እጄን ይዛ መለሰችልኝ። የሚሰጡት ዳቦ ትንሽ፣ ቀዝቃዛ፣ ግን ከውስጡ በደንብ የበሰለ ነው። ገልብጬ ሥሩን ሳይ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ቆሻሻ ያገኘሁ መስሏት የራሷን መለሰችው። ከዚያ በኋላ ያለው እንቅልፍ ነው፣ ደመና ነው፣ ደግሞ እንቅልፍ ነው። ያደርንበትን ሌሊት የመሬት መዞር መልሶ ሰጠንና ማክሰኞ ገና ሳያልቅ ሎስ አንጀለስ ደረስን።

የተቀበለችኝ ሰናይት ናት፤ የእነ እህቴ ዕድር ጸሐፊ። በዕድሜ ልጄን ታክላለች።

«እግዜር ያጽናህ። ሶ፣ ሻንጣህ ይሄ ብቻ ነው? መኪናውን ራቅ አድርጌ ነው ፓርክ ያደረግኩት» አለችኝ። አሰላ ቢሆን አንቱ ሳትለኝ አፏን አትከፍትም። እዚህ ግን አንተ ብላኝ ሻንጣዬን ነጥቃ ተሸከመችልኝ። ትሕትናው ከአፍ ወደ ክንድ ወርዷል ማለት ነው ብዬ ተከተልኳት። ራሷ የምትኖረው ቫን ናይስ የሚባል ሩቅ ሰፈር ነው። እኔን ለማምጣት ከሥራ አስፈቅዳ፣ ፍሪዌይ በሚሉት ሰፊ መንገድ ላይ ረጅም ሰዓት ድራይቭ አድርጋ እንደመጣች የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

የእህቴ ቤት ሚድ ሲቲ፣ ፒኮ ከሚባለው ጎዳና ገባ ብሎ ያለ አፓርታማ ነው። እኔ መንገዱን የዘጋ ድንኳን ስጠብቅ ደጁ ላይ አንድ ድመት ብቻ ተኝቷል። ለቅሶ ደራሽ ይመጣል፣ ግን በሥራ ፈረቃ ነው። የሆቴል ልብሱን እንደለበሰ የሚገባ አለ፤ ታክሲውን ታች አቁሞ በመስኮት እያየ የሚያለቅስ አለ። አንዲት ሴት ደረጃው ላይ ሙሾ ልታወጣ ስትል ሌላዋ «ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል» ብላ አፏን ያዘቻት። ቤት ገብተው መስኮቱን ዘግተው የቀረውን ጨረሱ። እኔም እህቴን አቅፌ ያለቀስኩት በተዘጋ መስኮት ነው። አነሰ አልልም፤ ይልቅ ታፍኖ ሲወጣ ይብሳል።

ሰው ሲሳሳ እህቴ ሹክ አለችኝ። ቃጠሎው ዓርብ ነው። አስከሬኑ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ የመንግሥት ፈቃድ ሲጠብቅ ሰንብቷል። ዕድሩ ግን ቀብር እንጂ ቃጠሎ አያውቅም፤ አንዳንዶቹም ክርስቲያን እዚያ ምን ይሠራል ብለው ማጉረምረማቸውን ሰምታለች። ሊቀመንበሩ ጋሼ ታደሰ እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሱም።

«ለሰው ልጅ ሁሉ ሲያስተምር ኖሮ ቀባሪ ይጣ?» አለችኝ። «አንተስ? ታደርገዋለህ?»

«እስኪ ቦታውን ልየው» አልኳት። ይህን ስላት ፊቷ እንዴት እንደወደቀ አየሁ።

ረቡዕ ሰናይት ማቃጠያው ቦታ ወሰደችኝ። እኔ የጠበቅኩት በቴሌቪዥን እንዳየሁት የእንጨት ክምርና ወንዝ ነበር። ያገኘሁት የከፍተኛ ክሊኒክ መልክ ያለው ቤት ነው፤ ደጁ ላይ ጽጌረዳ ተተክሏል፣ ውስጡ ምንጣፍ አለው። ክራቫት ያሰረ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ተቀበለን። አስከሬኑ የሚገባበትን ሳጥን ሲያሳየን ግን ክው አልኩ። ካርቶን ነው። እኛ ዘንድ ድሃ እንኳ በጣውላ ነው የሚቀበረው። ቅሬታዬን ሰናይት ስትተረጉምለት ሰውዬው አልተቀየመም፤ ብዙ ቤተሰብ ካርቶን ይመርጣል፣ ጨርቅ ማልበስም ይቻላል አለ። የያዝኩት ጋቢ ትዝ አለኝና ተጽናናሁ።

ከዚያ ምድጃውን አሳየን። መናገር አፍራለሁ፤ ለቅሶ ላይ ያለሁ ሰው መሆኔን ረሳሁት። በብረት የተለበጠ ነው፣ በሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ ውስጡ የሸክላ ጡብ ነው። ጡቡ የእኔ ዓይነት ነው። በጋዝ ነው? ቀድሞ ይሞቃል ወይስ ከገባ በኋላ? ስንት ጊዜ ይፈጃል? ጭሱ በየት ይወጣል? ሰናይት እየተርጎመች እየተርጎመች ደከማት።

«ኦኬ፣ አሁንስ እየበዛ ነው። የሚገዛ እኮ ነው የምትመስለው» አለችኝ።

ጭስ እንደሌለውም ሰማሁ፤ ጭሱን ራሱን መልሶ ያቃጥለዋል። በስተመጨረሻ ሰውዬው ግድግዳው ላይ ያለችውን አረንጓዴ ቁልፍ አሳየኝ። ቤተሰብ ከፈለገ የሚጫነው ይህንን ነው፤ ካልፈለገ እኔ እጫናለሁ አለ። የእኔ ዳቦ ቤት የምድጃ ማብሪያም አረንጓዴ ናት፣ በመጠንም እኩያዋ ናት። በየማለዳው ሳላማትብ አልጫናትም። ይህችን ከተጫንኩ በኋላ ያችኛዋን በየትኛው ጣቴ እነካታለሁ? ለሕዝብ የማበላውን ዳቦስ? ሰናይት ወደ ቤት ስትመልሰኝ ሰውዬው ራሱ ቢጫነው ይሻላል ብዬ ለራሴ ጨርሼ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሚስተር ቫሱ የሚያውቁት የህንዶች ቄስ ለማጽናናት መጣ። የነገውን ሥርዓት ለእህቴ በእንግሊዝኛ አስረድቶ ወደ እኔ ዞረና በእጁ የራሱን ቅል ዳበሰ። ልጅ ሆኖ የሚቆመው ሰው ራሱን ይላጫል ማለቱ ነው። እህቴ ስታስረዳኝ «ይህንንማ እናውቃለን!» አልኩኝ። አባታችን ሲሞት አጎቶቻችን ተላጭተው አልነበር? ሰውዬው የእኛም ልማድ መሆኑን ሲሰማ ዓይኑ በራ። እኔም በእሳትና በመቃብር ያልተስማማ ሥርዓት በምላጭ መስማማቱ ሲገርመኝ ዋለ። ልለኩስ አልለኩስ ሌላ ነገር ነው፤ መላጨቱን ግን እላጫለሁ ብዬ ብቻዬን ወጣሁ።

ፌርፋክስ ጎዳና ከእህቴ ቤት በእግር ይደረሳል። የኢትዮጵያ ሰፈር ሲሉኝ አንድ ከተማ ጠብቄ ነበር፤ አንድ መንገድ ናት። በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ፣ ምግብ ቤት፣ የበርበሬና የነጠላ ሱቅ፣ ደግሞ ምግብ ቤት። መስቀለኛው ላይ መብራቱ እስኪፈቅድልኝ ቆምኩ። መኪናው ያልፋል፣ ይቆማል፣ እንደገና ያልፋል፤ የእኔ መብራት አልበራ አለ። እግሬ ሲዝል ከኋላዬ የመጣ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ የመብራቱ ምሰሶ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጫናትና «እዚህ አገር ካልነኩት አያሻግርም፣ ወንድሜ» አለኝ። ይህም አገር የቁልፍ አገር ነው።

ተሻግረን ስንተዋወቅ ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ የዕድሩ ሊቀመንበር። ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ምሳ ካልበላህ አለቅህም ብለው እጄን ይዘው አንዱ ቤት አስገቡኝ። ምስር ወጡ ጥሩ ነው፣ እንጀራው ግን እንደኛ ዓይን የለውም። በላን። ጋሼ ታደሰ እየጎረሱ ስለ ቃጠሎው ቦታ አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ እኔም አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

«ሚስተር ቫሱን አውቃቸዋለሁ» አሉኝ። «ልጄ ሒሳብ ያለፈችው በእሳቸው ነው፤ ኪችናችን ውስጥ ተቀምጠው። ለቀብር የሚቀር ሰው አይደሉም። አንድ ነገር ግን አልገባ አለኝ። አፈሩን የት ነው የምናለብሳቸው?»

«አፈር የለውም፣ ጋሼ።»

«እንዴት የለውም?»

«ምድጃ ነው። አመዱን በነጋታው ለእትዬ ሙሉ ይሰጣሉ፤ እሷ ወደ ፊት አገራቸው ወስዳ ወንዝ ላይ ትበትነዋለች።»

ጉርሻቸውን ወደ ትሪው መለሱ። «ሰው ሲሞት እኮ የኛ ሥራ ያ ነው» አሉ። ሒሳቡን ከፍለው ሸኙኝ። እትዬ ሙሉ የፈራችው ደረሰ፣ አይመጡም አልኩ በልቤ።

ፀጉር ቤቱ ከዚያው ሁለት በር አልፎ ነው። ጆሮው ላይ ጌጥ ያደረገ ጎረምሳ ፀጉር አስተካካይ አስቀመጠኝና «ስታይሉ ምን ይሁን?» አለኝ። «ልጨው» አልኩት። «ፉል?» አለና በመስታወቱ ፊቴን አይቶ ማሽኑን አጠፋ። የተከፈተውንም ሙዚቃ ቀነሰ።

«ሐዘን ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ፋዘርህ ነው?»

አይ፣ አስተማሪዬ፣ የእህቴ ባል ልለው አፌን ከፈትኩ። በመስታወቱ ያየሁት ሽበታም ሰው ግን የመጀመሪያ ጫማውን ማን እንዳሰረለት ያውቃል። ወባ ይዞት ሲንቀጠቀጥ ማን አዝሎት ሐኪም ቤት እንደሮጠም ያውቃል። «አዎ፣ አባቴ ናቸው» አልኩት። በሕይወታቸው ሳሉ አንድም ቀን ብያቸው አላውቅም፤ ሚስተር ብቻ ነበር የምላቸው። ወንበሩ ላይ እንዳለሁ እንባዬ ወረደ። ልጁ ፎጣውን እስከ አገጬ ከፍ አደረገልኝና በቀስታ ላጨኝ። ቤት ስደርስ እህቴ መላጣዬን አየችና ምንም አልጠየቀችኝም። መልሱ ጭንቅላቴ ላይ ነበር።

ዓርብ ማቃጠያው ቦታ ስንደርስ የመኪና ማቆሚያው ሞልቷል። የሌላ ሰው ለቅሶ መሰለኝ። ጠጋ ስንል ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ጥቁር ኮት የለበሱ ወንዶች፤ የዕድሩ ሰው በሙሉ ነው። ክራቫት ያሰረው ሰውዬ ጥቂት ሰው እንጂ ይህ ሁሉ አይገባም እያለ እጁን ያወናጭፋል። ሰናይት እሱን ስታረጋጋ ጋሼ ታደሰ የመኪናቸውን ኋላ ከፍተው አንድ ከረጢት በትከሻቸው ይዘው መጡ። ላዩ ላይ የአበባ ሥዕል አለበት። ከአትክልት መሸጫ የተገዛ አፈር ነው።

«ዕድሩ ትናንት ተነጋገረ» አሉ። «አፈር ሳናለብስ አንሄድም።»

ሰናይት ተረጎመች። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፣ ግን አፈር ምድጃ ውስጥ አይገባም አለ። አንዱ «ጭብጥ ብቻ፣ ለምልክት» ብሎ ለመነው፤ ሌላው ከረጢቱን መቅደድ ጀመረ። በክርክሩ መካከል ጥያቸው እህቴንና ቄሱን ተከትዬ ገባሁ።

ውስጥ ጸጥታ ነው። ካርቶኑ ተከፍቷል። ሚስተር ቫሱ ከስተዋል፤ ግንባራቸው ግን ያው የክፍሉ ግንባር ነው። ቄሱ በቋንቋው እያነበነበ ጥሬ ሩዝ መዳፌ ላይ አደረገልኝና አፋቸው ላይ እንዳኖር አሳየኝ። ስንት ዓመት ያጎረሱኝን ሰው በመጨረሻ አጎረስኳቸው። እህቴ ጋቢውን አለበሰቻቸው፤ የካርቶኑ ነገር ከዚያ በኋላ አልታየኝም። ሳጥኑ ተከድኖ ገባ፣ በሩ ወረደ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

እጄ ግን አልነሳም አለ። እሳት ለምደሃል ብለውኝ ነበር፤ ያንን ዓይነት እሳት ማን ይለምዳል? ክራቫት ያሰረው ሰው በዓይኑ እኔ ልጫነው? አለኝ። እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም። እህቴ ከጎኔ መጣች። አላለቀሰችም፣ አልለመነችኝም። ቤታቸው ውስጥ ሒሳብ አልሠራ ሲለኝ እሷም የምትለኝን፣ ከእሳቸው የወረሰችውን ነገር ነው ያለችኝ።

«ጀምር።»

ስለ ዳስተሩ አላነሳችም። አማተብኩ። ተጫንኩ። ከበሩ በስተጀርባ ያ የማውቀው ድምፅ፣ እፍፍ ብሎ የሚይዘው የጋዝ ድምፅ መጣ። በየማለዳው የምሰማው ነው፤ አላስፈራኝም። ያስፈራኝ ቁልፉን ከመንካቴ በፊት ያለው ነበር።

ስንወጣ የመኪና ማቆሚያው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ በሰልፍ ጽጌረዳው ሥር ቆሟል። ጋሼ ታደሰ ከከረጢቱ ለእያንዳንዱ በጭብጡ ይሰጣሉ፤ እያንዳንዱም አጎንብሶ አንዷ ጽጌረዳ ሥር እያፈሰሰ «ነፍስ ይማር» ብሎ ያልፋል። ክራቫት ያሰረው ሰው አብሮን ወጥቶ ሲያይ ቆየና ሰልፉ መጨረሻ ላይ ሄዶ ተሰለፈ። እህቴም ጭብጧን አፈሰሰች። ስለዚህ ሚስተር ቫሱ በአንድ ቀን በህንዱም በአበሻውም ተሸኙ። ጽጌረዳዋ ወገቧ ድረስ አፈር ለብሳ አየኋት፤ ተርፋ ከሆነ ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ አመዱን ተቀበልን፤ ትንሽ ሳጥን ናት፣ እህቴ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ይዛት ወጣች። ማታ ፌርፋክስ ላይ ያለ አንድ ምግብ ቤት ጠረጴዛዎቹን ገጥሞ ለዕድሩ ሰው ንፍሮና ወጥ አቀረበ። ስለ ሚስተር ቫሱ ያልተናገረ ሰው አልነበረም። ስንስቅ አመሸን፤ መስኮቱም ክፍት ነበር። እሑድ ሰናይት አውሮፕላን ጣቢያ ስታደርሰኝ «በርታ እሺ፣ ጋሼ» አለችኝ። ጋሼዋን ለመውጫዬ ነው ያስቀመጠችልኝ።

አሰላ በገባሁ ማግስት ጎህ ሳይቀድ ዳቦ ቤት ሄድኩ። ሠራተኞቼ ሐዘንተኛ ነው ብለው ምድጃውን አብርተው ጠበቁኝ። «አጥፉት» አልኳቸው። ሲያጠፉት አረንጓዴዋ ቁልፍ ፊት ቆምኩ። እንደ ወትሮዬ አማተብኩና ተጫንኳት። እፍፍ ብላ ያዘች። የመጀመሪያው ዳቦ ሲወጣ ሁለቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ንስሐ አባቴ ወሰድኩ።

ካርቶኑንም፣ ሩዙንም፣ አፈሩንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። እሳቸውም ጭስ የለውም ስላቸው «እንዴት ይሆናል?» እያሉ፣ እኔ ሳስረዳ እያስደገሙኝ ዳቦውን እየቆረሱ ሰሙኝ። ስጨርስ አንገቴን ደፍቼ ንስሐውን ጠበቅሁ።

«ስማቸው ማን ነበር?» አሉኝ።

«ቫሱዴቫን።»

«ቅዳሴ ላይ አልጠራቸውም፣ ሥርዓቱን ታውቃለህ። ለራሴ ነው የጠየቅሁህ።» ስሙን በቀስታ ሞከሩት፣ አልሆነላቸውም፤ እንደገና ሞከሩት። ከዚያ ዳቦውን አስቀምጠው የተላጨውን ራሴን በመስቀላቸው ነኩት።

«ቀባሪ አላጡም» አሉ።